ስለ ድንጋይ ወለል አመራረጥና አጠባበቅ በኢሉባቦር

በመቱ፣ በጎሬ፣ በዳሪሙና በአካባቢያቸው ባሉ ከተሞች ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከቡናው ሽያጭ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለግድግዳውና ለቆርቆሮው ከፍሎ ወደ ወለሉ በደረሰ ጊዜ፣ አባቶቹ በእበት ይለቀልቁት የነበረውን መሬት በሲሚንቶ ሊሾ መተካት እንደ ትልቅ ሥልጣኔ ይቈጠር የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ዛሬ ሴራሚኩ፣ ዕብነ በረዱና ግራናይቱ በአንድ መደብር ደጃፍ ተደርድረው ያማርጡታል። ዐይን በተፈጥሮው ለሚያብረቀርቀው ያደላል፤ የድንጋይን ጠባይ መርምረው የሚያውቁ ግን፣ ድንጋዩን ከመውደድ አስቀድሞ የሚነጠፍበትን ሀገር ዝናብና አፈር፣ የሚነጠፍበትንም ቤት ልማድ መመርመር ይገባል ይላሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ይህንኑ ምክር ነው።

ድንጋይ ሁሉ በአንድ ስም ቢጠራም ትውልዱም ባሕርዩም አንድ አይደለም። በኢሉባቦር ወንዞች በሸረሸሩት ገደል የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ሊቃውንት ባዛልት የሚሉት፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በምድር ስንጥቅ ፈልቆ የኢትዮጵያን ደጋ በንብርብር ካለበሰው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ወገን ነው። ዕብነ በረድ ግን የኖራ ድንጋይ በምድር ጥልቅ ውስጥ በግፊትና በሙቀት ተለውጦ የሚገኝ ስለሆነ፣ በሀገራችን የሚቈፈረው ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ከሆነው ጥንታዊ ዓለት፣ በምዕራብ ከዳለቲ፣ በመተከል ከቡለንና ከማንኩሽ፣ በሰሜንም ከትግራይ ነው። ግራናይት ደግሞ ቀልጦ ሳለ ከምድር በታች በዝግታ የበረደ፣ ኳርትዝና ፌልድስፓር የተባሉ ጽኑዓን ማዕድናት የተዋሐዱበት ድንጋይ ነው።

ይህ የትውልድ ልዩነት ለቤት ባለቤት ከንቱ ዕውቀት አይደለም። የጀርመኑ ሊቅ ፍሬድሪሽ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ፣ ዕብነ በረድ የተሠራበት ካልሳይት 3ኛው ላይ ሲቀመጥ፣ በግራናይት ውስጥ ያሉት ፌልድስፓርና ኳርትዝ 6ኛውንና 7ኛውን ይይዛሉ፤ ተራ ቢላዋም በሁለቱ መካከል፣ ከ5 ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። እንግዲህ ገዢው ከመደብሩ ስባሪ ለምኖ በቢላዋ ጫፍ ቢጭረው፣ የሚጫረው ዕብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ፣ የማይጫረው ግራናይት ወይም ባዛልት መሆኑን ያለ መምህር ይረዳል። በዚያው ስባሪ ላይ ሎሚ ቢያንጠባጥብ፣ ዕብነ በረዱ ከአሲዱ ጋር ተዋግቶ በቀስታ አረፋ ያወጣል፤ ውሃ ጠብ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቅና ቦታው ጠቍሮ ቢገኝ፣ ድንጋዩ ውሃ የሚጠጣ፣ ስለዚህም ቅቤና ወጥ የሚጠጣ መሆኑን ያውቃል። በመጨረሻም የሰሌዳውን ጠርዝ ይመልከት፤ የእውነተኛው ድንጋይ ሥር ከላይ እስከ ታች ሲዘልቅ፣ በሴራሚክ ላይ የታተመው ሥዕል ግን ከቆዳው አያልፍም።

የሀገሩ ጠባይ ደግሞ የራሱን ሕግ ያወጣል። ጎሬ በዓመት ከ1,800 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት፣ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የማይለያት ከተማ ናት፤ መቱና ዳሪሙም ከዚህ በረከት የራቁ አይደሉም። ይህን ያህል ውሃ በጠገበ ቀይ አፈር ላይ የተነጠፈ ወለል፣ ከላይ ከሚፈስበት ይልቅ ከታች የሚሳብበት እርጥበት ይበልጥ ይጐዳዋል፤ ውሃው በሲሚንቶው ቀዳዳ ሽቅብ ሲወጣ የአፈሩንና የሲሚንቶውን ጨው ይዞ መጥቶ በድንጋዩ ገጽ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ አድርጎ ይተወዋል። ውሃ በድንጋይ ላይ ያለውን ሥልጣን ለማወቅ የሚሻ ሰው የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያስታውስ፤ ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት እነዚያ ሕንፃዎች ብዙ ምዕት ዓመታትን ቢሻገሩም፣ ዝናብ በጣራቸው እየሰረገ ስለ ጐዳቸው በ2000 ዓ.ም. ገደማ በከፊሎቹ ላይ ግዙፍ መጠለያ እስከ መሥራት ተደርሷል።

ስለዚህ የወለል ሥራ የሚጀመረው ከማይታየው ነው። የለማው አፈር ተጠርጎ ከወጣ በኋላ፣ በሀገራችን ግንበኞች ዘንድ እንደተለመደው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሃርድኮር ይደለደላል፤ በትልልቁ ድንጋይ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ውሃው ሽቅብ እንዳይሳብ ያቋርጠዋልና። በላዩ ወፍራም ላስቲክ ተዘርግቶ ኮንክሪቱ ይፈስሳል፤ ኮንክሪቱም እስኪጠና 28 ቀን ያህል ሳይጠበቅ ድንጋይ የተነጠፈበት እንደሆነ፣ የታሰረው እርጥበት መውጫ ሲፈልግ ኋላ ላይ ባለቤቱን ያሳፍራል። ውሃ ልክ የማይለየው ግንበኛ በዚህ ጊዜ ከድንጋዩ ዋጋ ይበልጣል።

ዋጋን ካነሣን፣ ድንጋይ በክብደቱም ይከፈልበታል። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ዕብነ በረድ 54 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የ40 ካሬ ሜትር ሳሎን ብቻ ከ2 ቶን በላይ ጭነት ይጠይቃል፤ ያም ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ አልፎ፣ በየመንገዱ እየተሰበረ ይደርሳል። በአንጻሩ የሀገሩ ጥቁር ድንጋይ ከደጅ አለ። በየከተማው የኮብልስቶን መንገድ መሥራት ከተጀመረ ወዲህ በመዶሻና በመሮ ድንጋይ መጥረብ የለመዱ ወጣቶች ስለተገኙ፣ ለበረንዳ፣ ለግቢና ለማድ ቤት የሚሆን ጥርብ በቅርብ ማሠራት ይቻላል። ጥርብ ድንጋይ ማንጠፍ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ በአክሱም ዱንጉር በተባለው ስፍራ የተገኘው ታላቅ ቤት ወለሉ በተጠረበ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ይሁን እንጂ ባዛልት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዐይነ ብዙ የሆነው፣ በጋዝ የተቦረቦረው፣ ቀዩን ጭቃ በቀዳዳው ሁሉ ስለሚይዝ ለውስጥ አይመረጥም።

እንግዲህ ድልድሉ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፦ ዕብነ በረድ እንግዳ ለሚቀመጥበት ሳሎንና ለመኝታ ቤት፤ ግራናይት ወይም ድፍን ባዛልት ቅቤ ለሚነጠርበትና ሊጥ ለሚቦካበት ማድ ቤት፤ ገጹ ያልተወለወለ ሻካራ ጥርብ ደግሞ ዝናብ ለሚረጨው በረንዳ፣ የተወለወለው በእርጥብ እግር ያንሸራትታልና።

ጥበቃው ከምርጫው የቀለለ ነው፤ የዘወትር መሆኑ ብቻ ያከብደዋል። ቀዩ ጭቃ ደርቆ በጫማ ሲገባ በውስጡ ያለው አሸዋ ዕብነ በረድን ከሚፍቅ ሞረድ አይለይም፤ ስለዚህ በደጃፍ ሁለት ምንጣፍ፣ አንዱ በውጭ አንዱ በውስጥ፣ ቢዘረጋ ከማናቸውም ቅባት ይበልጣል። በየቀኑ ለስላሳ መጥረጊያ፣ ከዚያም ጥቂት ለስላሳ ሳሙና የገባበት ውሃ፣ በኋላም ንጹሕ ውሃና ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤና በረኪና ለዕብነ በረድ ጠላቶች ናቸው፤ ሎሚና ኮምጣጤው የበሉት ገጽ በማጠብ አይመለስም፣ በማሽን እንደገና ካልተፋቀና ካልተወለወለ በቀር። የፈሰሰ ቡናና ወጥ ወዲያው ይጠረግ፤ ቅቤ የጠጣው ቦታ ግን የጠመኔ ዱቄት በሳሙና ውሃ ተለውሶ ተለጥፎበት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ቀን ቢያድር ቅባቱን ሽቅብ ይስበዋል። በበዓል ቀን የሚጐዘጐዘው እርጥብ ቄጠማ ሌሊቱን በላዩ ያደረ እንደሆነ አረንጓዴ እድፍ ይተዋልና፣ የበዓሉ ሥርዓት ሲያበቃ ይነሣ፤ የቡናው ከሰል ምድጃና የዕጣኑ ማጨሻም ከሥራቸው ሰሌዳ ወይም ጣውላ ይደረግላቸው፤ የፍም ሙቀት በአንድ ቦታ ሲጸና ድንጋዩን ይሰነጥቀዋልና።

ገንዘቡ ውስን የሆነ ቤት ሠሪ፣ ማለትም ብዙዎቻችን፣ አስቀድሞ ለወለሉ ሥር፣ ቀጥሎ ለግንበኛው፣ በመጨረሻም ለድንጋዩ ቢከፍል፣ ርካሹ ድንጋይ በመልካም መሠረት ላይ ውዱን በክፉ መሠረት ላይ ይበልጠዋል። ሲገዛም ከሚያስፈልገው 10 በመቶ ያህል አብልጦ ከአንድ ጭነት ይግዛ፤ የዕብነ በረድ ኅብርና ሥር ከአንዱ ዓለት ቍራጭ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሰሌዳ ቢሰበር ተስማሚውን ከገበያ ማግኘት ያዳግታል።