ዋለራን ዘሙላን፤ በባሕር ማዶና ማዶ የተከፈለ መኰንን

የኖርማንዲው ዱክ ዊልያም በ1066 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) እንግሊዝን ድል ነሥቶ ከያዘ በኋላ፣ ተከትለውት የተሻገሩት መኳንንት ርስታቸው በባሕሩ በዚህና በዚያ ስለ ተከፈለ፣ ንጉሡና ዱኩ አንድ ሰው በሆነበት ዘመን በሰላም ሲኖሩ፣ ዘውዱና ዱክነቱ በተለያዩ ጊዜ ግን ለማን እንደሚገብሩ ይጨነቁ ነበር። ይህን ጭንቀት ገልጦ የሚያሳየን የሙላኑ ኮንት ዋለራን ነው።

ዋለራንና መንታ ወንድሙ ሮበርት በ1104 ተወለዱ፤ አባታቸው በ1118 ሲያርፍ ንጉሡ ቀዳማዊ ሄንሪ በቤተ መንግሥቱ አሳደጋቸው። የፈረንሳይና የኖርማንዲው ርስት በብዛት ለዋለራን፣ የእንግሊዙ ለሮበርት ደረሰ። በ1119 ንጉሡ ከሮማው ሊቀ ጳጳሳት ከዳግማዊ ካሊስቶስ ጋር በዢዞር ሲገናኝ፣ ሁለቱ ብላቴኖች ከካርዲናሎቹ ጋር ተከራክረው አስደነቋቸው ይባላል።

ዋለራን ያሳደገውን ንጉሥ በ1123 ዐመፀበት። ሄንሪ ታላቅ ወንድሙን፣ የኖርማንዲን ዱክ፣ በ1106 ማርኮ አስሮት ነበርና፣ ዐማፅያኑ ርስቱ ለእስረኛው ልጅ ለዊልያም ክሊቶ ይገባዋል የሚሉ ነበሩ። በማርች 26 ቀን 1124 የንጉሡ ጭፍሮች ቡርግቴሩልድ አጠገብ መንገድ ዘግተው ጠበቋቸው። መነኵሴው ዜና ጸሓፊ ኦርደሪክ ቪታሊስ እንደሚተርከው፣ ጦርነት ያየው አማውሪ ደ ሞንፎር፣ ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ የቆመ ፈረሰኛ ለመሸሽ አላሰበምና ባንገጥማቸው ይሻላል ብሎ ቢመክርም፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ዋለራን ተራ ወታደር ናቸው ብሎ ንቆ ጋለበባቸው። ቀስተኞቹ ፈረሶቹን ነደፉ፤ እርሱም ተማርኮ አምስት ዓመት ታሰረ። ንጉሡን በዘፈን የሰደበው ሉክ ደ ላ ባር ግን ዓይኑ እንዲጠፋ ስለ ተፈረደበት ራሱን ከግድግዳ ጋር አላትሞ ሞተ። ዋለራንን ከዚህ ያዳነው፣ በእኔ አስተያየት፣ የዘሩ ክብር ነው።

ሄንሪ በ1135 ሲሞት መኳንንቱ ለልጁ ለማቲልዳ የማሉትን መሐላ አፍርሰው የእኅቱን ልጅ እስጢፋኖስን አነገሡ። ዋለራን የአዲሱ ንጉሥ ባለሟል ሆነ፤ ሕፃኗ የንጉሡ ልጅ ታጨችለት (ሳታድግ ሞተች)፤ የዉስተር ኤርልነትም ተሰጠው። ነገር ግን እስጢፋኖስ በፌብሩዋሪ 1141 በሊንከን ጦርነት ሲማረክ ዋለራን ከሜዳው ሸሸ፤ የማቲልዳ ባል የአንዡው ዦፍሯ ኖርማንዲን ሲወርርም፣ የአባቶቹ ምሽጎች እንዳይወሰዱ ለእርስዋ ወገን ገበረ። መንታው ሮበርት በእንግሊዝ ከእስጢፋኖስ ጋር ቀረ፤ ስለዚህ ማንም ቢያሸንፍ ቤታቸው በሙሉ አይጠፋም ነበር። እንዲህ ያለ የተመቸ መለያየት ሳይመካከሩ የሆነ ነው ብሎ ማመን ይቸግረኛል።

በ1147 ከመስቀል ጦረኞች ጋር ወደ ቅድስት አገር ዘመተ፤ ሲመለስ መርከቡ ሊሰጥም ደርሶ ገዳም ለመትከል ተሳለ። ማቲልዳም ከኦክስፎርድ ምሽግ ስታመልጥ ተስላ ነበርና፣ የሁለቱ ስእለት በኖርማንዲ በቫላስ ገዳም ተዋሐደ።

ከሁለቱ መንትዮች በወላዋይነት የሚነቀፈው ዋለራን ነው፤ ነገር ግን ሮበርትም በ1153 እስጢፋኖስን ትቶ ወደ ማቲልዳ ልጅ ወደ ሄንሪ ዞረ። ልዩነታቸው በታማኝነት ሳይሆን በጊዜ ምርጫ ነው፤ ሄንሪ በ1154 ሲነግሥ ሮበርት የመንግሥቱ ዋና ዳኛ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1168 ተከበረ፤ ዋለራን ግን የዉስተርን ኤርልነት አጥቶ፣ በአፕሪል 1166 አባቱ በተቀበረበት በፕሬኦ ገዳም መንኵሶ ሞተ።