በርክሌይን ፍርድ ቤት ያቆመው ቁጥር

በ2022 መጀመሪያ ላይ፣ በዓለም ስመ ጥር ከሆኑ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለቀጣዩ የትምህርት ዘመን ሊያስገባ ካሰባቸው ተማሪዎች ወደ 3,050 የሚሆኑትን መቀነስ እንዳለበት አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱ የበጀት እጥረት አልነበረም፤ የመምህራን አድማም አልነበረም። የክርክሩ ሥር ዩኒቨርሲቲው ከ17 ዓመታት በፊት ባጸደቀው የመሬትና የሕንፃ ዕቅድ ውስጥ የሰፈረ አንድ ቁጥር ነበር፦ 33,450።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ማስተር ፕላን ሲነሳ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ ቀለም ካርታ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እዚህ፣ ላቦራቶሪው እዚያ፣ በመካከላቸው በዛፍ የተከበበ መንገድ። በርክሌይም ቢሆን የጀመረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በባለጸጋዋ ፊቢ ኸርስት ገንዘብ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ውድድር ያሸነፈው ፈረንሳዊው አርክቴክት ኤሚል ቤናር ነበር። በኋላ ሥራውን የተረከበው ጆን ጌለን ሃዋርድ እጅግ ለውጦ ቢገነባውም፣ ዛሬም ግቢውን ያየ ሰው ከመነሻው ታስቦበት የተሠራ መሆኑን ይረዳል።

ዛሬ ግን ካርታው የዕቅዱ ትንሹ ክፍል ሆኗል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት አሥሩም ግቢዎች እያንዳንዳቸው “የረጅም ጊዜ የልማት ዕቅድ” የሚባል ሰነድ አላቸው። ሰነዱ በአብዛኛው ለ15 ዓመታትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ሲሆን፣ የሚያጸድቀው ሬጀንትስ በመባል የሚታወቀው የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ነው። በውስጡ የትኛው መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ ስንት ካሬ የሚሆን አዲስ ወለል እንደሚያስፈልግ፣ ስንት አልጋ የሚይዝ ማደሪያ እንደሚገነባ፣ የመኪና ማቆሚያው ምን ያህል እንደሚሆን ይዘረዝራል። ይህ ሁሉ ስሌት የሚቆመው ግን በአንድ መነሻ ላይ ነው፤ በዕቅዱ ዘመን መጨረሻ ግቢው ውስጥ ስንት ተማሪ ይኖራል በሚለው።

ይህ ግምት ለምን እንዲህ እንደከበደ ለመረዳት ሁለት የሕግ ጉዳዮችን ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ1879 ጀምሮ ነፃነቱ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠለት ተቋም መሆኑ ነው። በዚህ የተነሣ ለትምህርት ሥራ በሚጠቀምበት የራሱ መሬት ላይ ሲገነባ የከተማው የመሬት አጠቃቀም ደንብ አይመለከተውም። ለዚህ ይዞታው የንብረት ግብርም አይከፍልም። የበርክሌይ ከተማ አስተዳደር አንድ ነጋዴ አምስት ፎቅ ልሥራ ሲለው ሊከለክለው ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲውን ግን አይችልም። ቆሻሻው የሚነሳው፣ እሳት አደጋ የሚደርሰው፣ ፍሳሹ የሚሄደው ግን በከተማው ወጪ በተሠራው መሠረተ ልማት ነው።

ሁለተኛው በ1970 የወጣው የካሊፎርኒያ የአካባቢ ጥራት ሕግ ነው። ይህ ሕግ ማንኛውም የመንግሥት አካል አንድን ፕሮጀክት ከማጽደቁ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ተፅዕኖ አጥንቶ ለሕዝብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ዩኒቨርሲቲውም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ጎረቤት የሆነ ሰው “ግንባታህን አቁም” ማለት ባይችልም “ጥናትህ ጎዶሎ ነው” ብሎ መክሰስ ይችላል። ከተማውም ሆነ ነዋሪው በእጃቸው ያለው ብቸኛ መሣሪያ ይህ ስለሆነ፣ የትራፊክም ይሁን የቤት ኪራይ ወይም የጫጫታ ቅሬታ ሁሉ በአካባቢ ጥበቃ ስም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙ ሰው የዚህን ሕግ ስም ሰምቶ ክርክሩ ስለ ወንዝና ስለ ደን ይመስለዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በጃንዋሪ 2005 የጸደቀው የበርክሌይ ዕቅድ በ2020 የተማሪው ብዛት 33,450 ይደርሳል ብሎ ገመተ። ያኔም ቢሆን የከተማው አስተዳደር ከስሶ ነበር፤ ጉዳዩ ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለከተማው እንዲከፍል በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ግምቱ ወረቀት ላይ ቀረ። በ2020–21 የትምህርት ዘመን የተማሪው ቁጥር 42,347 ሆኖ ተገኘ። ዕቅዱ ካሰበው 9,000 ያህል ብልጫ መሆኑ ነው። አንድ መካከለኛ ዩኒቨርሲቲ ማለት ይቻላል።

ይህ የሆነው አንድ ኃላፊ ቸል ስላለ አይደለም። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ካሊፎርኒያ ለዩኒቨርሲቲው የምትሰጠውን ድጎማ ቀነሰች። በርክሌይም ከሌላ ግዛትና ከውጭ አገር የሚመጡ፣ ከነዋሪው ልጅ በእጅጉ የበለጠ የሚከፍሉ ተማሪዎችን አብዝቶ መቀበል ጀመረ። ይህን ያዩ ወላጆችና የምክር ቤት አባላት ደግሞ “የእኛ ልጆችስ?” ብለው ሲጮሁ፣ ሕግ አውጪው የካሊፎርኒያ ተማሪዎች ቁጥርም እንዲጨምር ገፋ። ቁጥሩ ከሁለቱም ወገን አደገ።

አልጋውስ? እዚህ ላይ ነው የዕቅዱ ቀዳዳ የሚታየው። ለተማሪው ትምህርት ግዛቲቱ ትደጉማለች። ማደሪያ ግን ለረጅም ዘመን ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር የተተወ ሥራ ነበር፦ ዩኒቨርሲቲው ይበደራል፣ ይገነባል፣ ከተማሪው በሚሰበስበው ኪራይ ዕዳውን ይከፍላል። ተማሪ መጨመር በአንድ ደብዳቤ ያልቃል። አልጋ መጨመር ብድር፣ መሬት፣ ዲዛይንና ዓመታት ይፈልጋል። የሁለቱ ፍጥነት አንድ ሊሆን እንደማይችል ለመገመት ፕላነር መሆን አያስፈልግም። ውጤቱም በርክሌይ ለተማሪዎቹ ሩብ ያህል እንኳ ማደሪያ የሌለው፣ በዚህም ከአሥሩ ግቢዎች መጨረሻ የቆመ መሆኑ ነው። የቀሩት ከከተማው ነዋሪ ጋር ቤት ይሻማሉ። መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩ ተማሪዎችም ነበሩ።

“የበርክሌይን ሰፈሮች እናድን” የሚል ስም ያለው የነዋሪዎች ማኅበር ክስ የመሠረተው በዚህ ሁኔታ ነው። በ2020 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ በዕቅዱ ከተጠናው በላይ ተማሪ መጨመር በራሱ ሊጠና የሚገባው ተፅዕኖ ነው አለ። በጁላይ 2021 የከተማው አስተዳደር ዩኒቨርሲቲው በ16 ዓመታት ውስጥ 82.6 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተስማምቶ ከክርክሩ ወጣ። ማኅበሩ ግን ቀጠለ። በኦገስት 2021 የአላሜዳ ካውንቲ ፍርድ ቤት ጥናቱ ጎዶሎ ነው ብሎ የተማሪው ቁጥር ከ42,347 እንዳያልፍ አዘዘ። ዩኒቨርሲቲው እግዱ እንዲነሳ ቢጠይቅም የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 3 ቀን 2022 በአራት ለሁለት ድምፅ ሳይቀበለው ቀረ።

በዚያ ሳምንት የነበረውን ድንጋጤ መገመት አያስቸግርም። የመግቢያ ደብዳቤ የሚላክበት ጊዜ ደርሷል። ዩኒቨርሲቲው 3,050 ቦታ ለመቀነስ ቢያንስ 5,100 ደብዳቤዎችን ማስቀረት እንዳለበትና 57 ሚሊዮን ዶላር የትምህርት ክፍያ እንደሚያጣ ተናገረ። ዋጋውን ሊከፍሉ የተቃረቡት 2005 ላይ ገና ሕፃን የነበሩ፣ ስለ ዕቅዱ ሰምተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በሰጠ በ11ኛው ቀን የካሊፎርኒያ ምክር ቤቶች ያለ አንድ ተቃውሞ አዲስ ሕግ አጸደቁ፤ ገዥው ጋቪን ኒውሰምም በዚያው ቀን ፈረሙበት። በአዲሱ ሕግ መሠረት የተማሪ ቁጥር መጨመር ብቻውን እንደ ፕሮጀክት አይቆጠርም። ፍርድ ቤት ጉድለት ቢያገኝ እንኳ ዩኒቨርሲቲው ጥናቱን የሚያስተካክልበት 18 ወር ሳይሰጠው ቅበላ አይታገድም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በጊዜው በዳኛው ላይ የወረደው ወቀሳ ያለ ቦታው ነበር። ዳኛው 42 ሺህ ተማሪ ይበዛል ወይም ያንሳል አላሉም፤ ሕጉም እንዲያ የማለት ሥልጣን አልሰጣቸውም። የጠየቁት ዩኒቨርሲቲው የጨመረውን ሰው ቆጥሮ፣ የት እንደሚያድር አስቦ፣ ይህንንም ለሕዝብ አሳውቆ እንደሆነ ነው። ነዋሪዎቹንም ሙሉ በሙሉ ክፉ ማድረግ አይቻልም፤ ያነሱት ጥያቄ ትክክል ነበር። ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ። በሰፈሩ ቤት ያለው ሰው ግንባታ በዘገየ ቁጥር የቤቱ ዋጋ ይወጣል። አልጋ አልተሠራም ብሎ የሚከስና አልጋ ሊሠራ ሲል ደግሞ የሚከስ ሰው አንድ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ማስረጃው ፒፕልስ ፓርክ ነው። ከዋናው ግቢ በስተ ደቡብ የሚገኘውን ይህን ከ1 ሄክታር እምብዛም ያልበለጠ ቦታ ዩኒቨርሲቲው በ1967 ለሕዝብ ጥቅም በሚል ከባለቤቶቹ ወስዶ ቤቶቹን አፈረሰ። ከታቀዱለት አገልግሎቶች አንዱ የተማሪ ማደሪያ ነበር። ገንዘብ ጠፋና ቦታው ጭቃ ሆኖ ተቀመጠ። በአፕሪል 1969 ወጣቶችና የሰፈሩ ሰዎች ዛፍና አበባ ተከሉበት። ሜይ 15 ቀን ዩኒቨርሲቲው አጥር ሲያጥር ግጭት ተነሳ፤ ፖሊስ ተኩሶ አንድ ወጣት ሞተ፣ ሌላው ዓይነ ስውር ሆነ። ብሔራዊ ዘብ ያዘመቱት ገዥ ሮናልድ ሬገን ነበሩ፤ በዓመቱ ያንን የአካባቢ ጥራት ሕግ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ2021 ዩኒቨርሲቲው በቦታው ላይ ለ1,100 ተማሪዎች ማደሪያ፣ ከጎኑም ቤት ለሌላቸው ሰዎች መኖሪያ እንደሚሠራ አጸደቀ። ክስ ተከተለ። በፌብሩዋሪ 2023 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በድግስ የሚያሰሙትን ጫጫታ በተፅዕኖ ጥናቱ አላካተተም፣ ሌሎች አማራጭ ቦታዎችንም አላየም ብሎ ፈረደ። ምክር ቤቱ አሁንም በሴፕቴምበር ወር ሕግ አወጣ፤ የነዋሪዎች ድምፅ ከእንግዲህ እንደ አካባቢ ተፅዕኖ አይቆጠርም። በጃንዋሪ 2024 አንድ ሌሊት ፖሊስ ቦታውን ከቦ፣ 160 የሚሆኑ የጭነት ኮንቴይነሮች አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረደሩ አጥር ሆኑ። በጁን ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ፤ ግንባታውም ተጀመረ። ከ1967 እስከ 2024 ቢሰላ፣ አንድ ቦታ 57 ዓመት ዕቅድ ላይ ቆይቷል ማለት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲን ስለ ተማሪ ጫጫታ የሚከስ ጎረቤት አልሰማንም። ዶርምና ካፌም ከዩኒቨርሲቲው ጋር አብረው የተወለዱ ናቸው፤ ወጪውን ተማሪው ሲመረቅ በወጪ መጋራት ይከፍለዋል። ይሁንና ቁጥሩን የሚወስነውና ግቢውን የሚያቅደው የተለያየ አካል መሆኑ በእኛም ዘንድ ያለ ነው። ተማሪ በአብዛኛው የሚመደበው ከትምህርት ሚኒስቴር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1961 ጀምሮ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዙሪያ፣ ከዚያም በአራት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎ፣ በልደታና በጥቁር አንበሳ ተበታትኖ ያደገው በአንድ ዕቅድ ሳይሆን ቦታ በተገኘ ቁጥር ነው።

በእኛ ዘንድ የቁጥሩ አደጋ በተቃራኒው በኩልም ታይቷል። በኦክቶበር 2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለሰፊ ቅበላ ታስበው የተሠሩ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ 30 ሺህ ገደማ አዲስ ተማሪ ለመከፋፈል ተዘጋጁ። የማካካሻ ትምህርት (ሬሚዲያል) ባይጀመር ኖሮ አንዳንዱ ግቢ በዚያ ዓመት ከዶርሙ ቁጥር ያነሰ ሳይሆን ከብሎኩ ቁጥር ብዙም የማይበልጥ አዲስ ተማሪ ይዞ ይቀር ነበር ብሎ መቀለድ ይቻላል።

በርክሌይ በበኩሉ በጁላይ 2021 ቀጣዩን ዕቅዱን አጽድቋል። በ2036–37 የተማሪው ቁጥር 48,200 ይሆናል ይላል፤ እስከ 11,730 የሚደርስ አዲስ አልጋም አስቧል። ከእነዚህ ውስጥ ለ772 ተማሪዎች የሚሆነው ሕንፃ ከአንድ የግል ፋውንዴሽን በተገኘ ስጦታ ተሠርቶ በ2024 ተከፍቷል። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ባለሙያዎችም ያለፈውን ክርክር የረሱ አይመስልም። ዕቅዱ የወደፊቱን የተማሪ ብዛት እንደማይወስንና ጣሪያም እንደማያስቀምጥ በሰነዱ ላይ ተጽፏል።