የንብረት ጉዳት ክስ ስለምን በዝርዝር ይቀርባል?

«ከብቶቹ ንብረቴን አጥፍተውብኛልና ካሳ ይከፈለኝ» የሚል አቤቱታ ለሽምግልና ለሚቀመጡ ኢማሞች እንግዳ አይደለም። አቤቱታው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በዚህ መልኩ ብቻ ከቀረበ ፍርድ ሊሰጥበት አይችልም። ምክንያቱን ከፊቅህ መሠረቱ ጋር እናያለን።

የፊቅህ ሊቃውንት ክስ ይሰማ ዘንድ የተጠየቀው ነገር የታወቀ (መዕሉም) መሆን እንዳለበት ይደነግጋሉ። ኢማም ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ. ያረፉ) በ«ሚንሃጅ አጥ-ጧሊቢን» እንዳሰፈሩት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ዓይነቱንና መጠኑን፣ ጠፍቶ በዋጋ የሚተመን ንብረት የሚጠይቅ ደግሞ ዋጋውን ይገልጻል። በኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀው መጀላም በአንቀጽ 1619 ይህንኑ መርሕ ይዟል።

ጥበቡ ግልጽ ነው። ማስረጃ በከሳሽ፣ መሐላ በሚክድ ላይ ነው። ምን ያህል እንደጠፋ ካልተነገረ ምስክሩ በምን ይመሰክራል? ተከሳሹስ በምን ይምላል? ቃዲውስ ምን ይፈርዳል?

ዝርዝሩ የካሳውን ዓይነትም ይወስናል። ከብቶች አውድማ ላይ የነበረ ሁለት ኩንታል ጤፍ ቢያጠፉ፣ ጤፍ አምሳያ ያለው (ሚስሊይ) ስለሆነ የሚተካው በዚያው ዓይነትና መጠን ነው። የተረገጠው ማሽላና የተሰበረው አጥር ግን በዋጋ የሚተመኑ (ቂሚይ) ናቸው፤ በጠፉበት ቦታና ቀን የነበራቸው ዋጋ ይከፈላል። ሁሉንም በአንድ ድምር መጠየቅ ይህን ልዩነት ይሰውራል። ከብቱ የገባው ቀን ነው ወይስ ሌሊት የሚለውም አብሮ መገለጽ አለበት፤ በሻፊዒያና በማሊኪያ ዘንድ ተጠያቂነቱ በዚህ ይለያልና።

በሱረቱል አንቢያእ (21፥78–79) የተወሳው የዳውድና የሱለይማን (ዐ.ሰ.) ፍርድም በሌሊት በተሰማሩ በጎች ስለጠፋ እርሻ ነው። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ሱለይማን እርሻው እንደነበረ እስኪመለስ ባለእርሻው በበጎቹ ጥቅም እንዲገለገል ፈረዱ። ዋናው ንብረትና የተቋረጠው ጥቅም ለየብቻ ታይተዋል ማለት ነው።

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ለፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ከተሰጡት ጉዳዮች መካከል የንብረት ጉዳት የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጉዳይ ወይ በሽምግልና ያልቃል ወይ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በዚያም ዝርዝር ይጠየቃል።

ስለሆነም አቤቱታው ጥቅል ነው ብሎ ተበዳይን ማሰናበት ተገቢ ነው አንልም። ኢማሙ የጠፋውን ዓይነት፣ መጠንና ሁኔታ እየጠየቀ ያጽፍ፤ ዋጋውን ለሚያውቁ ገማቾች ይስጥ፤ መጠኑን ግን ራሱ አይጠቁም። እንዲህ ሲሆን ተበዳይ ሐቁን አያጣም፤ ተከሳሽም ካጠፋው በላይ አይከፍልም።