ዋን ፖኬት፦ ለተጋጣሚ ምን እንተውለት?

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሪያድ ያስተናገደችው የስኑከር ውድድር አንድ አዲስ ነገር ይዞ ነበር፦ ጠረጴዛውን ጠርጎ 147 ነጥብ ላስቆጠረ ብቻ የምትፈቀድ፣ 20 ነጥብ የምትጨምር ወርቃማ ኳስ። ዋንጫውን ሮኒ ኦሱሊቫን ወሰደ፤ ወርቃማዋን ኳስ ግን ያስገባት አልነበረም። በሪያዱ ሰፈር መንሱራ ከሥራ በኋላ ዱላ የሚይዝ ያገር ልጅም ፑልን የሚወደው በዚያው መንፈስ ነው፤ ማስገባት፣ ደግሞ ማስገባት። ዋን ፖኬት የሚባለው የፑል ጨዋታ ግን ሌላ ዓይን ይጠይቃል። ከፑል ጨዋታዎች ሁሉ ጭንቅላትን የሚያሠራው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ አጭር ነው። ኳሶቹ በተደረደሩበት በኩል ካሉት ሁለት የማዕዘን ቀዳዳዎች አንዱ የእኛ፣ ሌላው የተጋጣሚያችን ነው። ቁጥርም ቀለምም አይታይም፤ ከ15ቱ 8 ኳስ በራሱ ቀዳዳ ቀድሞ ያስገባ አሸነፈ። በተጋጣሚያችን ቀዳዳ ያስገባነው ለእሱ ይቆጠርለታል፤ በቀሩት አራት ቀዳዳዎች የገባ ኳስ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

የመክፈቻው ምት ራሱ መከላከያ ነው። ድርድሩ በኃይል አይበተንም፤ ኳሶቹ ወደ እኛ ቀዳዳ እንዲያደሉ፣ በዱላ የምንመታት ነጯ ኳስ ደግሞ በተጋጣሚው ቀዳዳ በኩል ወዳለው ጠርዝ ሄዳ እንድትጣበቅ በቀስታ ይመታል።

ቀኙ ቀዳዳ የእኛ ነው እንበል። በተጋጣሚያችን ቀዳዳ አፍ ሦስት ኳሶች ተኮልኩለዋል፤ በእኛ በኩል ከጠርዝ አስመልሰን የምናስገባት አንዲት አስቸጋሪ ኳስ አለች። እጅ ወደዚያች ኳስ ይሄዳል። ብንስት ግን ሦስቱን ተራ በተራ ይለቅማቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እኔ ምን አገኛለሁ?» ሳይሆን «እሱ ምን ይተርፈዋል?» ነው። ከሦስቱ አንዷን ወደ እኛ በኩል ገፍተን፣ ነጯን ከሌሎቹ ጀርባ ብንደብቅ በአንድ ምት ሁለት ሥራ ተሠራ። ነጯን ሸሽጎ ኳሶቹን ባሉበት የሚተው ምት ግማሽ መከላከያ ነው፤ አደጋውን ለሚቀጥለው ተራ ያሳድረዋል።

ነጥቡም ይታያል። ተጋጣሚው አምስት ኳስ ከቀረው አንድ ከባድ ምት ቢተርፈው ያን ያህል አያስፈራም። አንድ ብቻ ከቀረው ግን በድንገት የምትገባ ኳስ እንኳ ጨዋታውን ትጨርሳለችና፣ የእሱን ቀዳዳ ማጽዳት ከሁሉም ይቀድማል።

ሪያድ ውስጥ ብዙ የሆኑት ፊሊፒንሳውያን በኩራት የሚጠሩት ኤፍሬን ሬየስ በዚህ ጨዋታ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በናይን ቦል የዓለም ሻምፒዮና ቢያሸንፍም፣ ብልኃቱን በደንብ ማየት የሚፈልግ ዋን ፖኬት ሲጫወት ይመልከተው። ከየትም ሊያስገባ የሚችል እጅ ይዞ፣ ነጯን ብቻ ቦታ አስይዞ ተራውን ሲለቅ ይታያል።

ለጀማሪ እንግዳ የሚሆነው ሆን ብሎ ፋውል መሥራት ነው። ከምት በኋላ አንዲትም ኳስ ካልገባች፣ አንዲትም ጠርዝ ካልነካች ፋውል ነው፤ ቅጣቱም ካገቡት አንድ ኳስ መመለስ ነው። ጥሩ ምት ከሌለና የሚሞከረው ሁሉ ለተጋጣሚ ሦስት ኳስ የሚያሰጥ ከሆነ፣ ነጯን በቀስታ አንከባሎ ከሌላ ኳስ ጋር አጣብቆ አንድ መክፈል ያዋጣል። ሦስት ፋውል በተከታታይ የሠራ ግን ጨዋታውን ይሸነፋል። ሁለት ላይ የደረሰ ተጫዋች የግድ ሕጋዊ ምት መምታት አለበት፤ ተጋጣሚውም ይህን ቆጥሮ ነጯን ኳሶች መሀል ይሸጉጥበታል።