ኮሮና የጸናው በማን ላይ ነው? የየቲም አሳዳጊዎችን የሚመለከት ማብራሪያ



የኮሮና ቫይረስ በሽታ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም አስቸኳይ የጤና ሥጋትነቱ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። አዋጁ ተነሣ እንጂ ቫይረሱ ከመካከላችን አልወጣም፤ ዛሬም በጉንፋን መልክ ከቤት ቤት ይዘዋወራል። ከየቲሞች አሳዳጊዎች ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ አያቶች በመሆናቸው፣ በሽታው በማን ላይ እንደሚበረታ ማወቁ ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በቅድሚያ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። «ማን ይያዛል?» እና «ማን ይሞታል?» የተለያዩ ናቸው። ቫይረሱ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ ከብዙ ሰው ጋር የሚገናኝ ሁሉ ይያዛል፤ ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ እንዲሁም በአንዲት ጠባብ ክፍል ተፋፍጎ የሚኖር ቤተሰብ ለዚህ ቅርብ ናቸው። ከተያዙት መካከል ማን እንደሚጸናበት የሚወስነው ግን በአመዛኙ ዕድሜና ቀድሞ የነበረ ሕመም ነው።

ይህን አስቀድሞ በግልጽ ያሳየው የቻይና የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ያወጣው ጥናት ነው። በምርመራ ከተረጋገጡት 44,672 ሕሙማን ውስጥ የሞቱት 2.3 በመቶ ነበሩ። ከ70 እስከ 79 ዓመት ባሉት ዘንድ ይህ አኃዝ ወደ 8 በመቶ፣ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ደግሞ ወደ 14.8 በመቶ ከፍ ብሏል። ከ10 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት የሞተ አልተመዘገበም። የልብና የደም ሥር ሕመም ካለባቸው 10.5 በመቶ፣ የስኳር ሕመም ካለባቸው 7.3 በመቶ፣ የደም ግፊት ካለባቸው 6 በመቶ ሕይወታቸው አልፏል። ከወንዶች 2.8 በመቶ ሲሞቱ ከሴቶች የሞቱት 1.7 በመቶ ናቸው።

በዚያን ጊዜ ሕመሙ የቀለለላቸው ብዙዎች ሳይመረመሩ ስለቀሩ አኃዞቹ ከእውነተኛው መጠን ከፍ ያሉ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን በኋላ በሌሎች ሀገራትም ተደግሟል፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የኩላሊት ሕመምም ከአጋላጮቹ ተቆጥረዋል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት የመከላከል ኃይል ይዳከማል፤ ስኳርና ደም ግፊትም ልብን፣ ኩላሊትንና የደም ሥሮችን አስቀድመው ይጎዳሉ። ሳንባ ሲታመም ሸክሙን ሊጋሩ የሚገባቸው አካላት ደክመው ይገኛሉ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ የሚኖር ሰው ብዙ ነው።

«እንግዲያውስ ሕፃናት ተርፈዋል» የሚል ይኖር ይሆናል። በሽታው ሕፃናቱን ያጠቃው በአሳዳጊዎቻቸው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደገመተው፣ እስከዚያ ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ በዓለም ላይ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ልጆች ወላጃቸውን ወይም የሚያሳድጋቸውን አያት አጥተዋል። አባታቸውን ያጡት እናታቸውን ካጡት ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጡ ነበር። በሸሪዓ የቲም የሚባለው አካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ በመሆኑ፣ በሽታው በወንዶች ላይ መበርታቱ በቀጥታ ወደ እኛ ጉዳይ ይመጣል።

የሀገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች መሆኑ ጉዳቱን እንዳቀለለው እሙን ነው። እንዲያም ሆኖ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ7,500 ይበልጣል፤ ሳይመረመሩ የተቀበሩት በዚህ አይቆጠሩም። የሕዝቡ ወጣትነት ደግሞ አምስት የልጅ ልጆች ለምታሳድግ የ70 ዓመት አያት ዋስትና አይሆንም።

ስለሆነም ለየቲሙ ደብተርና ልብስ የምትለግሱ ወገኖች የአሳዳጊዋን የስኳርና የግፊት መድኃኒት ከልጁ ድጋፍ ለይታችሁ አትዩት። ክትባት ሞትን በእጅጉ እንደሚቀንስ ተረጋግጧልና አረጋውያንን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። በቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ሲኖር መስኮት ይከፈት፤ ታማሚውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ ከተቻለ ከአያት ጋር አንድ መኝታ አይጋራ። ቤተሰብ የሚጎበኙ ወንድሞችና እኅቶችም የአሳዳጊውን ዕድሜና ሕመም በልጁ ቅጽ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ድንገት አንዳች ነገር ቢደርስ ልጁን የሚረከበው ዘመድ ማን እንደሆነ ከወዲሁ ጠይቀው ቢመዘግቡ መልካም ነው።