በእጅ ስልክ የሚሠራ መልመጃ ለሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፤ የካሊብሮ ንባብ እንደ ምሳሌ

ለሙያ ተማሪዎች በእጅ ስልክ የሚታደለው ትምህርት ብዙ ጊዜ የመማሪያው መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነው። ይህ መጽሐፉን በኪስ ለመያዝ ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ተማሪውን አይጠይቀውም፣ ሲሳሳትም አይመልሰውም። መስተጋብራዊ ትምህርት ሊባል የሚገባው ተማሪው ለሠራው ሥራ መልስ የሚሰጠው ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ዝግጅት ከየት መነሣት እንዳለበት በአንድ መሣሪያ ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን።

መሣሪያው ካሊብሮ ነው። የንባቡን ዘዴ ፈረንሳዊው ፒየር ቬርኒየ በ1631 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በዋናው ዘንግ ላይ መስመሮቹ 1 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ በተንሸራታቹ ላይ ግን 49 ሚሊሜትር ለ50 እኩል ተከፍሏል። ስለዚህ የተንሸራታቹ አንድ ክፍል 0.98 ሚሊሜትር ነው፤ የንባቡም መሠረት ይኸው የ0.02 ልዩነት ነው።

አሁን የተንሸራታቹ ዜሮ 24ን ጥቂት አልፎ ቆመ፣ 17ኛው መስመርም ከላይኛው መስመር ጋራ ገጠመ እንበል። ንባቡ 24.34 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ተማሪ 24.17 ብሎ ቢጽፍ እያንዳንዱን መስመር እንደ አንድ መቶኛ ቈጥሮታል ማለት ነው። ሌላው 41.34 ቢል ሙሉውን ሚሊሜትር ከዜሮው ፊት ሳይሆን መስመሮቹ ከገጠሙበት ስፍራ አንብቦታል፤ በዚያ ስፍራ ያለው በእርግጥም 41 ነውና። ሦስተኛው 24.32 ቢል ቁጥር 3ን በትክክል አይቶ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት መስመሮች እንደ ሁለት መቶኛ ወስዷቸዋል።

ሦስቱም ተሳስተዋል፤ ሕመማቸው ግን አንድ አይደለም። ለሦስቱም «ስሕተት ነው፣ እንደ ገና ሞክር» ብቻ የሚል መልመጃ ምንም አላስተማረም። ደኅናው መልመጃ ለመጀመሪያው የአንዱን ክፍል ዋጋ ያሳየዋል፣ ለሁለተኛው ዜሮውን በቀለም ያበራለታል፣ ሦስተኛውን ከ3 ወዲህ ያሉትን መስመሮች ሁለት ሁለት እያለ ያስቈጥረዋል። እንግዲህ አዘጋጁ አንዲት ሥዕል ከመሣሉ በፊት ከአስተማሪው ጋራ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ደብተር በማገላበጥ የተሳሳቱ መልሶችን መልቀም አለበት። እንደ እኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ከባዱም ጠቃሚውም ይህ ነው። በቶርኖ ላይ ለኩሽኔታ የሚላገ ዘንግ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ቢቀጥን ብረቱ ተመልሶ አይቀጠልም።

ስለ ክብደቱ ጥቂት እንበል። በመስመር የተሣለ ሥዕል ጥቂት ኪሎባይት ሲሆን የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ በሜጋባይት ይቈጠራል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ይመረጣል። መልመጃው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራና ከስልክ ወደ ስልክ እንዲተላለፍ ሆኖ ይዘጋጅ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ከሁለት ዓመት በላይ ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ይህን እንደ ትርፍ ጥንቃቄ አይቈጥረውም።

የቋንቋውም ነገር ቀላል አይደለም። የሙያ ደረጃዎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ወርክሾፑ ግን ከጣልያንኛ በወረሳቸው ቃላት ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ ይላል። በስልኩ ላይ የወርክሾፑ ስም ይቅደም፤ የእንግሊዝኛው ስም በምዘና ሊመጣ ስለሚችል አጠገቡ ይቀመጥ።

ስልኩ የማያስተምረውም አለ። አውራ ጣት ተንሸራታቹን ምን ያህል መጫን እንዳለበት፣ መንጋጋውም በዕቃው ላይ ሳይጋደል እንዴት እንደሚያርፍ መስተዋቱን በመንካት አይታወቅም። አንድ ካሊብሮ ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ክፍል ግን ንባቡን በስልኩ አስቀድሞ የለመደ ተማሪ ተራው ሲደርስ ጊዜውን ሁሉ ለአያያዙ ሊያውለው ይችላል።