ዛፍ የሚከራከርበት ጎልፍ

በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ክሩዝ ከተማ ያለው ዴላቪያጋ ፓርክ ሁለት ዓይነት ጎልፍ ያስተናግዳል። አንደኛው የተለመደው ነው፤ ሳሩ ይከረከማል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ተጫዋቹም ዱላና ኳስ ይዞ ይመጣል። በሌላኛው ግን ዳገቱም ሸለቆውም እንደነበረ ነው፤ ዛፉም የበቀለበትን አልለቀቀም። ወደዚህኛው የሚመጣ ሰው ትከሻው ላይ ባነገተው ቦርሳ የያዘው የፕላስቲክ ዲስኮችን ብቻ ነው።

ጨዋታው ዲስክ ጎልፍ ይባላል። ሕጉ በአመዛኙ ከጎልፍ የተቀዳ ነው። ተጫዋቹ ከመነሻው መደብ ላይ ይወረውራል፤ ዲስኩ ካረፈበት ሄዶ እንደገና ይወረውራል፤ በመጨረሻም የብረት ምሰሶ ላይ ከተገጠመ ቅርጫት ውስጥ ያገባዋል። ከቅርጫቱ በላይ የተንጠለጠሉት ሰንሰለቶች የዲስኩን ፍጥነት ሰብረው ወደ ታች ይጥሉታል። ዙሩን በጥቂት ውርወራ የጨረሰ አሸናፊ ነው።

ሰንሰለቱ የተፈለሰፈው ጭቅጭቅ ለማስቀረት ነው። ኤድ ሄድሪክ ፍሪዝቢ የሚባለውን ተወርዋሪ ዲስክ በሚያመርተው ዋም-ኦ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ የፍሪዝቢን በረራ ያረጋጋው ማሻሻያውም እ.ኤ.አ. በ1967 የፈጠራ መብት አግኝቷል። በ1975 ፓሳዴና አጠገብ፣ ኦክ ግሮቭ በተባለ የሕዝብ መናፈሻ፣ የመጀመሪያውን ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አዘጋጀ። ዒላማዎቹ ያኔ ተራ ምሰሶዎች ስለነበሩ «ነክቷል»፣ «አልነካም» የሚለው ክርክር ማብቂያ አልነበረውም። ባለሰንሰለቱ ቅርጫት መጣና ዳኝነቱን ወሰደ፤ በ1977ም የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። ሄድሪክ በ2002 ያረፈው ከሳንታ ክሩዝ ብዙም በማይርቀው ላ ሴልቫ ቢች ነው። በኑዛዜው መሠረት የአስከሬኑ አመድ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠርቶበታል።

የዴላቪያጋው ሜዳ የተከፈተው በ1984 ነው። በዚያው ሰሞን ዲስኩ ራሱም እየተለወጠ ነበር። በ1983 ዴቭ ደኒፔስ ጠርዙ እንደ ስለት የሳሳ ዲስክ አወጣ፤ አየሩን እየቀደደ ስለሚሄድ ጠርዙ ድቡልቡል ከሆነው ፍሪዝቢ እጅግ ይርቃል። ዛሬ የአንድ ተጫዋች ቦርሳ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ይይዛል፦ ለሩቅ ውርወራ ጠርዘ ስሉን፣ ለመካከለኛ ርቀት ለዘብ ያለውን፣ ቅርጫት አጠገብ ደግሞ ጠርዙ ደንደን ብሎ ቀስ የሚለውን።

ገላጣ ሜዳ ላይ ጉልበተኛ ይከበራል። ጫካ ውስጥ የሚከበረው የዲስኩን ባሕርይ የሚያውቅ ነው። ቀኝ እጁን ወደ ደረቱ አጥፎ ከዚያ ዘርግቶ የሚወረውር ሰው ዲስኩን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ያሽከረክረዋል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ዲስኩ ወደ ግራ ይታጠፋል። በዚያው እጅ ከጎን በኩል፣ መዳፉን ወደ ፊት አድርጎ ከወረወረ ሽክርክሪቱም እጥፋቱም ይገለበጣል። በሁለት ግንዶች መካከል ያለች ክፍተት የትኛውን ውርወራ እንደምትፈልግ ማንበብ ግማሹ ሥራ ነው። 60 ሜትር በክፍተቱ ሾልኮ ያለፈ ውርወራ፣ 120 ሜትር ሊሄድ ተነስቶ የመጀመሪያው ኦክ ዛፍ ላይ ተላትሞ ከተመለሰው ይበልጣል።

ዲስኩ ከግንድ ጀርባ የወደቀበትም ተስፋ አይቆርጥም። አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ ከቅርንጫፎቹ ሥር ዝቅ አድርጎ ይልካል፤ ወይም ዲስኩን አቁሞ በራሱ ላይ አሳልፎ ከቅጠሉ በላይ ይወረውረዋል። የኋለኛው ዲስክ አየር ላይ ቀስ ብሎ ይገለበጥና ጀርባው ወደ ምድር ዞሮ ይወርዳል።

ቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። የዴላቪያጋ 27ኛው መጫወቻ መስመር «የዓለም አናት» የሚል ስም የወጣለት ነው። ተጫዋቹ ከኮረብታው አናት፣ ሞንቴሬይ ባሕረ ሰላጤ ከሩቅ እየታየው፣ ከ150 ሜትር በላይ ወደራቀው ቅርጫት ቁልቁል ይለቃል። ዲስኩ ለመውደቅ የሚቀረው ከፍታ ብዙ ስለሆነ አየር ላይ ይቆያል፤ የቆየውን ያህል ንፋስና እጥፋት ይጫወቱበታል፤ እጅ ላይ ጥቂት ያጋደለ ውርወራ ታች ሲደርስ ብዙ ሜትር ስቷል። ሽቅብ ሲወረወር ነገሩ ይገለበጣል፤ ዲስኩ ቶሎ ደክሞ ቶሎ ይታጠፋል። ተዳፋት ላይ የተተከለ ቅርጫትን በቅርብ ርቀት መሳትም ዋጋ ያስከፍላል፤ በጠርዙ ያረፈ ዲስክ ልጆች እንደሚያንከባልሉት ቸርኬ እየዞረ ይወርዳል። ከቅርጫቱ 10 ሜትር ውስጥ የቆመ ተጫዋች ደግሞ በውርወራው ግፊት ወደ ፊት መራመድ አይፈቀድለትም፤ መጀመሪያ ሚዛኑን ጠብቆ መቆሙን ማሳየት አለበት። ዘቅዛቃ ላይ ይህ ራሱ ፈተና ነው።

ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ ዲስክ ፍለጋም ጥንቃቄ ይሻል። በካሊፎርኒያ ኮረብቶች ፖይዝን ኦክ የሚባል፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚበቅል ተክል ሞልቷል። ቅባቱ ቆዳን አሳክኮ ያሳብጣል፤ ዲስኩ ላይ ተለጥፎም እጅ ድረስ ይመጣል። የለመዱት ረጅም ሱሪ ለብሰው ይገባሉ፣ ሲወጡም ገላቸውንም ዲስካቸውንም በሳሙና ያጥባሉ።

ጫካውም ከጨዋታው ይጎዳል። የማያቋርጥ እግር አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ዝናብ ተዳፋቱን ሸርሽሮ ሥር ያወጣል፣ ዲስክ ደጋግሞ የመታው ቅርፊት ይላጣል። በየሜዳው ያሉ የክለብ አባላት በእረፍት ቀናቸው አካፋ ይዘው ይመጣሉ፤ መሄጃው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ይበትናሉ፣ ደረጃ ይሠራሉ፣ በየመነሻው ፊት ያሉትን ግንዶች በእንጨት ይከልላሉ። መሬቱ እንዲያገግም ቅርጫቱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚዛወርበት ሜዳም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ባለፈው ወር ቀጥ ብሎ ይገባ የነበረ ውርወራ ዛሬ ግንድ ሊጠብቀው ይችላል።